የሰፈር ማዕከል የት ይቀመጥ፣ እንዴትስ ይሠራ? በእግር የሚዳረስ ቅይጥ ማዕከል ለሚያቅዱ የንጽጽር መመሪያ

ለአንድ ሰፈር ማዕከል ሲታሰብ ውይይቱ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከሕንጻው መልክ ነው። ስንት ፎቅ ይሁን፣ ፊቱ በድንጋይ ይለበጥ ወይስ በመስታወት፣ መሐሉ ላይ ፏፏቴ ይኑር ወይስ ዛፍ እየተባለ ስብሰባዎች ያልፋሉ። ከዕቅዱ ጋር የሚቀርበው ሥዕልም ለዚህ አስተዋጽኦ አለው፤ በሥዕል ላይ ሁልጊዜ ፀሐይ ወጥታለች፣ ሁልጊዜ ሰው ይመላለሳል፣ የተዘጋ ሱቅ ደግሞ ከቶ አይታይም። ነገር ግን ሱቅና ክሊኒክ፣ ቢሮና መኖሪያ በአንድ ላይ የተሰባሰቡበትን ስፍራ በሕይወት የሚያቆየው መልኩ ሳይሆን በበሩ የሚያልፈው ሰው ብዛት ነው። ስለዚህ ቀጥሎ የሚቀርቡት አማራጮች ሁሉ የሚመዘኑት በአንድ ጥያቄ ነው፤ ይህ ምርጫ በበሮቹ ፊት የሚያልፈውን እግረኛ ያበዛል ወይስ ይቀንሳል?

ከምርጫው በፊት፦ በእግር የሚደርሰው ማን ነው?

በዕቅድ ሥራ የተለመደው መለኪያ 400 ሜትር ነው። ጤናማ ጎልማሳ በደቂቃ ወደ 80 ሜትር ስለሚራመድ ይህ የ5 ደቂቃ መንገድ ይሆናል፤ 800 ሜትር ደግሞ 10 ደቂቃ ይወስዳል። መለኪያው መልካም ነው፣ አጠቃቀሙ ግን ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ባለሙያው በካርታው ላይ ማዕከሉን ነጥብ አድርጎ በኮምፓስ ክብ ይሥላል፣ በክቡ ውስጥ ያሉትን ቤቶችም ደንበኛ ብሎ ይቆጥራል። ሰው ግን በግቢና በአጥር ላይ እየበረረ አይሄድም።

በቁጥር እንየው። 400 ሜትር ሬዲየስ ያለው ክብ ወደ 50 ሄክታር ይሸፍናል። መንገዶቹ ቀጥ ብለው በሚቋረጡበት ፍርግርግ ሰፈር ግን በ400 ሜትር ርምጃ የሚደረስበት ስፍራ ቅርጹ ክብ ሳይሆን በማዕዘኑ የቆመ ካሬ ነው፤ ስፋቱም 32 ሄክታር ብቻ ነው። ከሦስተኛው እጅ በላይ የሆነው መሬት ገና ከመነሻው ከሒሳቡ ወጣ ማለት ነው። መንገዶቹ መውጫ የሌላቸው ሆነው እየታጠፉ በሚዘጉበት ሰፈር ደግሞ ኪሳራው ከዚህ እጅግ ይብሳል። በመስኮቷ የማዕከሉን ሰገነት የምታይ ሴት ወደዚያ ለመድረስ በመጀመሪያ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ዋናው መንገድ መውጣት፣ የጎረቤት ግቢዎችን አጥር ተከትላ መዞር፣ ከዚያም ተመልሳ መምጣት ሊኖርባት ይችላል። በካርታው ላይ 200 ሜትር የሆነው ርቀት በእግሯ 700 ሜትር ሲሆንባት መኪና ያላት እንደሆነ በመኪናዋ ትሄዳለች፣ የሌላት እንደሆነ ጉዞውን ትተወዋለች።

በ32 ሄክታሩ ላይ በሄክታር 30 ቤት ቢኖር 960 ቤተሰብ ይገኛል፤ 75 ቤት ቢኖር 2,400። ሁለቱ ቁጥሮች ሁለት የተለያዩ ማዕከሎችን ይጠይቃሉ። የመጀመሪያው በራሱ ነዋሪዎች ብቻ ጥቂት የዕለት ፍጆታ ሱቆችን ያቆም ይሆናል እንጂ ሙሉ ገበያ አያቆምም፤ ስለዚህ ወይ መጠኑን መቀነስ ወይ የመንገደኛውን ደንበኝነት መጨመር ግድ ይሆንበታል። አረጋውያን የሚበዙበት ሰፈር ከሆነ ደግሞ 5 ደቂቃ የተባለው ርቀት 8 ደቂቃ ሊፈጅ እንደሚችል አይዘንጋ።

ቆጠራው ከተጠናቀቀ በኋላ አንዲት አጭር መተላለፊያ በሁለት አጥሮች መካከል መክፈት ለማዕከሉ አንድ ፎቅ ከመጨመር የበለጠ ደንበኛ ልታመጣ ትችላለች። በዚህ ረገድ የብሎክ፣ ማለትም በአራቱም በኩል በመንገድ የተከበበው የሕንጻዎች ስፍራ፣ መጠን ወሳኝ ነው። በአሜሪካዋ ፖርትላንድ መሐል ከተማ የአንድ ብሎክ ጎን 61 ሜትር ገደማ ሲሆን በሶልት ሌክ ሲቲ ግን ወደ 201 ሜትር ይደርሳል፤ በመጀመሪያዋ ከተማ እግረኛው ሦስት ጊዜ መንገድ መምረጥ በሚችልበት ርቀት በሁለተኛዋ ገና አንድ ብሎክ አልጨረሰም። ባርሴሎናን ለማስፋፋት እ.ኤ.አ. በ1859 የወጣው የመሐንዲሱ ሰርዳ ዕቅድ የመረጠው 113 ሜትር ሲሆን፣ በእኔ ግምት አዲስ ማዕከል የሚያቅድ ሰው ከዚህ መጠን ባያልፍ ይመረጣል።

የት ይቀመጥ፦ በዋናው መንገድ ዳር፣ በሰፈሩ መሐል ወይስ በጣቢያው ዙሪያ?

በሦስቱ መካከል ያለው ክርክር አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ክላረንስ ፔሪ እ.ኤ.አ. በ1929 ባወጣው የሰፈር ንድፍ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚመግብ ሕዝብ በ65 ሄክታር ገደማ ላይ አስፍሮ ትምህርት ቤቱን በመሐል አኑሮታል። ሱቆቹን ግን መሐል አላስገባም፤ በሰፈሩ ጠርዝ፣ ትልልቆቹ መንገዶች በሚገናኙበት ማዕዘን አስቀመጣቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። በማዕዘን ያለ ሱቅ የራሱን ሰፈር ብቻ ሳይሆን የሚያዋስኑትን ሰፈሮችና አላፊ አግዳሚውንም ያገለግላል። ፔሪን ጠቅሰው ሱቁን ከትምህርት ቤቱ ጎን መሐል ላይ የሚያስቀምጡ ዕቅዶች ዛሬም አይጠፉም፤ ንድፉን እስከ ጠርዙ ድረስ ሳያዩት የጠቀሱት ይመስለኛል።

መሐል ላይ የሚቀመጥ ማዕከል ጸጥታ አለው፣ ልጅ ብቻውን ተልኮ የሚመለስበት ነው፣ ለሁሉም ቤት እኩል ይቀርባል። ድክመቱ ከውጭ አለመታየቱ ነው። የሚኖረው በነዋሪዎቹ ብቻ ስለሆነ የነዋሪው ቁጥር ከላይ እንደተሰላው 2,400 ቤተሰብ በሚደርስበት ጥቅጥቅ ያለ ሰፈር ያዋጣል፤ 960 በሚሆንበት ሰፈር ግን ከዓመታት በኋላ ግማሹ መዝጊያ ተጎትቶበት የሚገኝ ነው። እንደዚህ ላለ ቦታ ሙአለ ሕፃናት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ መናፈሻና አንድ ትንሽ ሱቅ ይበቁታል፤ ገበያ ይሁን ብሎ መገፋፋት ባለሱቁን ለኪሳራ መዳረግ ነው።

በዋናው መንገድ ዳር የሚዘረጋው ማዕከል የደንበኛ ችግር የለበትም፤ ችግሩ መንገዱ ራሱ ነው። አራት መስመር ያለው መንገድ ወደ 13 ሜትር ስለሚሰፋ ዝግ ብሎ የሚራመድ ሰው ለመሻገር ወደ 13 ሰከንድ ያስፈልገዋል፤ በመሐሉ ቆሞ የሚጠብቅበት አካፋይ ደሴት ከተሠራለት ግን በአንድ ጊዜ መጠበቅ ያለበት ከአንድ አቅጣጫ የሚመጣውን ተሽከርካሪ ብቻ ነው። ይህ ካልተደረገ መንገዱ ማዕከሉን ለሁለት ይከፍለዋል፣ የቀኙ ሱቅም የግራውን ደንበኛ ያጣል። ይህን አማራጭ የሚመርጥ ሰው ማረጋገጥ ያለበት ዋናው ነገር በማዕከሉ ክልል የተሽከርካሪው ፍጥነት በሰዓት ወደ 30 ኪሎ ሜትር እንዲወርድ የመንገዱ ባለቤት የሆነው ተቋም መስማማቱን ነው። ስምምነቱ በጽሑፍ ካልተገኘ ሌላ ቦታ መፈለግ ይሻላል፤ ምልክት መትከል ብቻውን ፍጥነት አያስቀንስም፣ መስመሩን ማጥበብና ማቋረጫውን ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል።

መንገዱ ዋና መተላለፊያ ሆኖም በወጉ ከታቀደ ጥቅጥቅ ያለ ኑሮን እንደሚሸከም የብራዚሏ ኩሪቲባ አሳይታለች። ከተማዋ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ለአውቶቡስ ብቻ የተከለሉ መስመሮችን ዘርግታ ረጃጅም ሕንጻዎችን በእነዚሁ መስመሮች ግራና ቀኝ ስትፈቅድ፣ የታችኞቹን ወለሎች ለንግድ አድርጋለች፤ ፈጣኑን የመኪና ፍሰት ደግሞ ወደ ጎረቤት ትይዩ መንገዶች አዛውራለች። ኩሪቲባን ለመምሰል የሚፈልግ ሁሉ መጀመሪያ ሊመለከት የሚገባው ያንን ትይዩ መንገድ ነው።

በጣቢያ ዙሪያ የሚሠራው ማዕከል ከሁሉም የተሻለ ዕድል አለው፤ ተሳፋሪው በቀን ሁለት ጊዜ ያልፋልና። ስቶክሆልም እ.ኤ.አ. በ1954 የከፈተችው የቬሊንግቢ ማዕከል ሥራን፣ መኖሪያንና ማዕከልን በአንድ ሰፈር ለማገናኘት የታሰበ ሲሆን የገበያ አደባባዩ የተሠራው እዚያው በምድር ባቡር ጣቢያው ላይ ነው፤ ከፍ ያሉት መኖሪያ ሕንጻዎች ለጣቢያው ቀርበው፣ ዝቅ ያሉት ቤቶች ራቅ ብለው ተቀምጠዋል። የጣቢያ ማዕከል የሚበላሸው በዝርዝሩ ነው። ከጣቢያው መውጫ ፊት ለፊት ያለው መሬት ለአውቶቡስ መዞሪያና ለመኪና ማቆሚያ ተሰጥቶ ሱቆቹ ከዚያ ወዲያ ከተሠሩ፣ አመሻሽ ላይ ደክሞት የሚወጣው ተሳፋሪ ወደ እነርሱ አይሻገርም። ሱቁ መገኘት ያለበት በመውጫውና በቤቱ መካከል፣ ያውም ሰውየው በሚሄድበት ወገን ነው።

ጣቢያ ከሌለ እኔ የምመርጠው አራተኛ መንገድ አለ፤ ማዕከሉን ከዋናው መንገድ መገናኛ አስጀምሮ በአንዲት አጭር፣ 150 ሜትር በምታህል ጎዳና ወደ ሰፈሩ ውስጥ ማስገባት። በማዕዘኑ ላይ አላፊ አግዳሚ ካላያቸው የማይኖሩት ይሰለፋሉ፤ ሸቀጣ ሸቀጥና ፋርማሲ። ቀጥሎ ካፌና ፀጉር ቤት ይመጣሉ፤ ከዚያ ሰው አስቦበት የሚሄድባቸው ክሊኒክና ቢሮዎች፤ በመጨረሻም መኪና በማይደርስበት ጫፍ ሙአለ ሕፃናቱና መናፈሻው። ጎዳናዋ ከጩኸት ወደ ጸጥታ እየወረደች ትሄዳለች፣ ሁሉም በሚስማማው ቦታ ይቀመጣል። ልጁን ለመውሰድ የሚመጣ ወላጅም በግድ በሱቆቹ ፊት ያልፋል።

መደባለቁ እንዴት ይሁን፦ በላይና በታች ወይስ ጎን ለጎን?

«ቅይጥ» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ከታች ሱቅ ከላይ መኖሪያ የሆነ ሕንጻ ነው። ጎን ለጎን የቆሙ፣ አንዱ ቢሮ ሌላው መኖሪያ የሆኑ ሕንጻዎችም እግረኛውን እስካስማሙ ድረስ ቅይጥ ናቸው። ጎን ለጎኑ ርካሽ ነው፣ ለማበደርም ሆነ ባለቤትነቱን ለመለየት ቀላል ነው፣ ጠብም አያበዛም። ላይና ታቹ ግን መሬት ይቆጥባል፣ ሌሊትም በጎዳናው ላይ በራ ያለ መስኮት ያስቀራል።

የላይና ታቹን ዋጋ ግን በቅርበት ማየት ያስፈልጋል። የመኖሪያ ቤቶቹ የመታጠቢያና የማድቤት ቧንቧዎች በሱቁ ጣሪያ ውስጥ እየታጠፉ ማለፍ አለባቸው፤ አንዱ ሲያንጠባጥብ የሚበላሸው የባለሱቁ ዕቃ ነው። የታችኛው ተከራይ ዛሬ ልብስ ሻጭ ቢሆንም ነገ ምግብ ቤት ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ጭሱን እስከ ጣሪያ የሚያወጣ ቀጥ ያለ መተላለፊያ በሕንጻው ውስጥ ከመጀመሪያው ካልተተወለት ወይ ቧንቧው በሰዎች መስኮት ፊት ይሰቀላል ወይ ቤቱ ለምግብ ቤት አይሆንም። የማቀዝቀዣ ሞተር ሌሊቱን ሙሉ ያጉረመርማል፣ የብረት መዝጊያው ገና ሳይነጋ ይጎተታል፣ የጭነት መኪናው ወደ ኋላ ሲሄድ ያንቃጭላል፤ ይህን ሁሉ የሚሰማው ከላይ ባለው የመጀመሪያ ፎቅ የሚተኛው ሰው ነው። ስለዚህ ይህን የመረጠ የሁለቱን መግቢያ፣ የሁለቱን ቆሻሻ ማስቀመጫ መለየት፣ በመካከላቸው ያለውን ወለል ከእሳትና ከድምፅ መከላከል፣ የማራገፊያ ሰዓትንም በኪራይ ውል ማስገባት አለበት። በመጀመሪያው ፎቅ ላይ ቢሮ ማድረግም ጥሩ መላ ነው፤ ሱቁ በሚጮህበት ንጋት ቢሮው ባዶ ነው።

ፍርዴ ይህ ነው፤ ላይና ታቹን ከማዕከሉ እምብርት በግራና በቀኝ ላሉት ጥቂት ሕንጻዎች ብቻ ያስቀሩት፣ ከዚያ ወዲያ ጎን ለጎኑ ይበቃል። የከተማው ደንብ በመንገዱ ሁሉ ምድር ቤቱ ሱቅ እንዲሆን ሲያስገድድ ግን የሚፈጠረው ብዙ ሱቅ ሳይሆን ብዙ ባዶ መስታወት ነው። የሚሻለው ደንቡ ቁመቱን ብቻ ቢያስገድድ ነው። ምድር ቤቱ ከ4 እስከ 4.5 ሜትር ከፍታ ኖሮት ወለሉ ከእግረኛው መንገድ ጋር እኩል ከተሠራ፣ ዛሬ ቢሮ ወይም ወርክሾፕ ሆኖ ጀምሮ ደንበኛ ሲበዛ ወደ ሱቅ ይዞራል፤ በ2.8 ሜትር የተሠራ ግን መቼም አይዞርም።

የበሮቹ ብዛት ሌላው መመዘኛ ነው። ዴንማርካዊው የከተማ ንድፍ ባለሙያ ያን ጌል የጎዳና ፊትን ሲመድብ፣ በ100 ሜትር ውስጥ ከ15 እስከ 20 በር ያለውን ሕያው፣ ከ2 እስከ 5 ብቻ ያለውን አሰልቺ ብሎታል። በመደበኛ ርምጃ ሲሰላ በመጀመሪያው ጎዳና ከ4 እስከ 5 ሰከንድ በሚሆን ጊዜ አንድ አዲስ በር ይታያል። ትልቅ ሱፐርማርኬት የግድ የሚያስፈልግ ከሆነ ሰፊው አካሉ ከኋላ ይሁንና ወደ ጎዳናው ጠባብ መግቢያውን ብቻ ያውጣ፤ ፊቱን ትናንሽ ሱቆች ይሸፍኑለት።

መኪናው የት ይቁም?

የእግረኛ ማዕከል ላይ ያሉ መልካም ሐሳቦች አብዛኛውን ጊዜ የሚሸነፉት እዚህ ላይ ነው። አንድ ማቆሚያ ከመዞሪያው ጋር ከ25 እስከ 30 ካሬ ሜትር ይፈልጋል። ደንቡ ለእያንዳንዱ 20 ካሬ ሜትር ሱቅ አንድ ማቆሚያ የሚጠይቅ ቢሆን፣ 200 ካሬ ሜትር የሆነ ሱቅ 10 ማቆሚያ፣ ማለትም ከ250 እስከ 300 ካሬ ሜትር ሊያቀርብ ይገደዳል። መኪናው ከሱቁ የበለጠ መሬት ወሰደ ማለት ነው፤ ሱቆቹ እርስ በርስ ሲራራቁ እግረኛው ይጠፋል፣ እግረኛው ሲጠፋ ደግሞ ተጨማሪ ማቆሚያ ያስፈልጋል ይባላል። ሜክሲኮ ሲቲ እ.ኤ.አ. በ2017 አነስተኛውን የማቆሚያ ግዴታ አንስታ በምትኩ ከፍተኛውን የማቆሚያ ብዛት መገደቧ ይህን አዙሪት ለመስበር ነው።

አማራጮቹ ሲነጻጸሩ ከፊት ለፊት የሚዘረጋው ሜዳ ለመሥራት ርካሽ ቢሆንም ጎዳናውን ስለሚገድል ከመጀመሪያው መውጣት አለበት። ከሕንጻው ጀርባ የሚደረገው የተሻለ ነው፤ ወደዚያ የሚያስገባው በር ግን ከዋናው ጎዳና ሳይሆን ከጎን መንገድ መሆን ይኖርበታል፣ አለዚያ የእግረኛው መንገድ በየ20 ሜትሩ በመኪና ይቆረጣል። ከምድር በታች የሚቆፈረው እጅግ ውድ ስለሆነ የመሬት ዋጋ ከፍ ባለበት ብቻ ያዋጣል። የጋራ ማቆሚያ የሚባለው በብዙ ቦታ ሳይታሰብ የሚታለፍ ቢሆንም ለቅይጥ ማዕከል በተፈጥሮው የሚስማማ ነው፤ ቢሮው ቀን የሚፈልገውን ቦታ ነዋሪው ማታ፣ አዳራሹ በዕረፍት ቀን ይጠቀምበታል፣ ሦስቱ ለየብቻቸው ቢሠሩ ኖሮ የሚያስፈልገው ድምር ይቀንሳል። ለዚህ ግን ማቆሚያው በአንድ አካል እጅ ሆኖ ለማንም ሕንጻ ተለይቶ ያልተሸጠ መሆን አለበት።

ከዚህም የራቀ እርምጃ የወሰደ ሰፈር አለ። በጀርመን ፍራይቡርግ ከተማ፣ በቀድሞ የጦር ካምፕ ላይ የተገነባው ፋውባን ሰፈር መኪና ያለው ነዋሪ በሰፈሩ ጠርዝ ባለ የጋራ ሕንጻ ውስጥ ማቆሚያ እንዲገዛ ያደርጋል፤ የቤቱ ዋጋና የማቆሚያው ዋጋ ተለያይተዋል። ሰውየው ወደ መኪናው የሚሄደውና ወደ ትራሙ ፌርማታ የሚሄደው ተቀራራቢ ርቀት ስለሆነ ምርጫው በየቀኑ አዲስ ነው። ትራም ወይም አስተማማኝ አውቶቡስ በሌለበት ይህን መኮረጅ ግን ነዋሪውን መቅጣት ይሆናል።

በአንድ አልሚ ወይስ በብዙ እጅ?

መላውን ማዕከል ለአንድ አልሚ መስጠት ፍጥነትና የተስማማ መልክ ያስገኛል። ጎዳናው፣ ማቆሚያውና ማራገፊያው በአንድ ሐሳብ ይሠራሉ፣ ከሁሉም በላይ ባለንብረቱ የተከራዮቹን ስብጥር መርጦ ጠቃሚ ነገር ግን ኪራይ የማይችል ሱቅን በሌላው ደጉሞ ማኖር ይችላል። አደጋው ሁሉም በአንድ ላይ ማርጀቱ ነው። የስኮትላንዷ ከምበርኖልድ ማዕከል የመጀመሪያ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1967 ሲከፈት ሱቅ፣ ቢሮና መኖሪያ በአንድ ግዙፍ ሕንጻ ተደራርበው ነበር፤ ዘመኑ ሲለወጥ አንዱን ክፍል ለብቻው ማደስ ቀላል አልሆነም፣ ከጊዜ በኋላም ከፊሉ ፈረሰ። መሬቱ በጠባብ ቦታዎች ተከፋፍሎ ለብዙ ገንቢዎች ሲሰጥ ግን አንዱ ቢከስር ጎረቤቱ ይቀጥላል፣ አሮጌውም በአዲስ ይተካል፤ የሚከፈለው ዋጋ ዝግመትና ማለቂያ የሌለው ስብሰባ ነው። ከተማው መንገዱን፣ ቧንቧውንና ማቆሚያውን ራሱ ሠርቶ የሕንጻ ቦታዎቹን ከ6 እስከ 10 ሜትር ፊት እንዲኖራቸው አድርጎ ቢያከፋፍል የሁለቱን ጥቅም በከፊል ያገኛል።

የቀረው የቅደም ተከተሉ ጉዳይ ነው። ነዋሪው ከሱቁ ቀድሞ ሲገባ ሸመታውን ሌላ ቦታ ይለምዳል፣ ሱቁ ሲቀድም ደግሞ ባለሱቁ ደንበኛ ሳያገኝ ኪራይ ይከፍላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ምዕራፍ በማዕዘኑ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ሱቅ ብቻ ከመጀመሪያዎቹ ቤቶች ጋር ይከፈት፤ የሚቀጥሉት ቦታዎች በጊዜያዊ ድንኳን ወይም በሣር ተይዘው ይቆዩ። ወደፊት የሚሠራው ክፍል መንገዱና ዛፉ አስቀድሞ ይውጣለት። ሕንጻው ከሰባት ዓመት በኋላ ቢመጣ ጥላው ደርሶ ይጠብቀዋል።